የይመር አልጋ ሒሳብ

ክረምት በገባ ቁጥር ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ደሴን ከላይ እስከ ታች ይሸፍናታል፤ በር ክፍት ካገኘም እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ዘምዘም ይህን ለምዳዋለች። ጠዋት ሰግዳ ስትነሣ መጀመሪያ የሳሎኑን መስኮት ከፍታ የታፈነውን አየር ታስወጣለች፣ እርጥበት የሸተተውን ምንጣፍ አንሥታ የበረንዳው ብረት ላይ ትሰቅላለች፣ ሻይ ትጥዳለች፣ ከዚያ የባሏን የሥራ ካፖርት ከበሩ ጀርባ አውርዳ ደጅ ታራግፋለች። ይመር የዱቄት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ስለሚሠራ ካፖርቱ ነጭ ብናኝ አያጣውም። ይኸው ብናኝ ነው ከዓመት ዓመት ደረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ትንፋሹን ያሳጠረው። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ዘምዘም የምትነቃው በዶሮም በአዛንም ሳይሆን በእሱ ሳል ነበር፤ ሳሉ መጀመሪያ እንደ መጥረጊያ ይፍቃል፣ ከዚያ ከሆዱ ተነሥቶ አልጋውን ያነቃንቃል፣ በመጨረሻም ይመር ዓይኑን እየጠረገ «አቦ፣ ይሄ ነገር አይገድል አያድን» ብሎ በራሱ ይስቃል።

አሁን ሳሉ የለም።

ነገሩ የሆነው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይመር ከሥራ ሲመለስ ግቢው በር ላይ ትንፋሽ አጠረውና እንደ ተቀመጠ መነሣት አቃተው። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁ የዘምዘምን ሻርፕ ጨምድዶ አልለቅ አለ። ጎረቤት ባጃጅ ጠራላቸው፤ ዳገቱ ላይ ካለው የግል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አደረሷቸው። አንዲት ነርስ ይመርን አልጋ ላይ አጋድማ አረንጓዴውን መጋረጃ ሳበችው፣ ዘምዘምንም መያዣ እንድትከፍል ወደ ሒሳብ ክፍል ላከቻት። ከፍላ ተመልሳ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው የብረት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከመጋረጃው ወዲያ ኦክስጅኑ በጠርሙሱ ውሃ ውስጥ እያለፈ ሲንተከተክ ይሰማታል፤ ከእሱ ሥር ደግሞ የይመር ሳል።

ወደ መግሪብ ገደማ ይመር በእግሩ ወጣ። የወጣው እሷ በተቀመጠችበት በኩል ሳይሆን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ግድግዳ ብቻ ያለ ከመሰላት ወገን ነው። የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። «እንሂድ፣ ዘምዘም» አላት። ተነሥታ ተከተለችው። የኦክስጅኑ ድምፅ ከኋላቸው አልቆመም ነበር፤ ነርሷ መዝጋት ረስታ ይሆናል ብላ አሰበች፣ ከዚያም ማሰቡን ተወችው።

ቤት ከገባ በኋላ ይመር ደኅና ሆነ። ሰው ሁሉ መጥቶ ጠየቀው፤ ኮምቦልቻ የተዳረችው ልጃቸው ስልክ ደውላ የአባቷን ድምፅ ስትሰማ አልሐምዱሊላህ ብላ አለቀሰች። ዳገት ሲወጣ አያርፍም፣ ጆንያ ሲያነሣ አያቃስትም። ሁልጊዜ ሲጮህ የኖረውን የጓዳ በር ሳይነገረው አወለቀና አስተካከለው፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም አይሰማም። ዘምዘም ጓዳ ሆና ሽንኩርት ስትልጥ ዞር ስትል ከኋላዋ ቆሞ ታገኘዋለች፣ ምን ፈልጎ እንደ መጣ ስትጠይቀውም ምንም አለመፈለጉን በትሕትና ይነግራታል። የቀረበለትን ይበላል። ድሮ ወጥ ገና ሳይቀርብ «ሚጥሚጣ» የሚል ሰው አሁን ጨው የተረሳበትንም ጥርግ አድርጎ በልቶ እጁን ይታጠባል። ሲቀመጥ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ወንበሩን ጫፉን ብቻ ይዞ፣ እንደ እንግዳ ነው።

ሲተኛ ድምፅ የለውም። አንዳንዴ ዘምዘም የራሷን ትንፋሽ ይዛ የእሱን ለመስማት ትሞክራለች፤ የምትሰማው ግን በቆርቆሮው አሸንዳ የሚወርደውን ውሃ ብቻ ነው። የዱቄቱና የላቡ ሽታ ከሰውነቱ ጠፍቷል። በምትኩ የእርጥብ አንሶላና የበረኪና ሽታ አለው፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ፣ ስንት ጊዜ ሸሚዙን ብትቀይርለት አይለቀውም። ጠዋት ብርዱ በሚጠነክርበት ሰዓት ጎረቤቶች ደጅ ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ከየአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። አንድ ቀን ዘምዘም ምንጣፉን ስትሰቅል ይመር ከእነሱ መካከል ቆሞ አየችው፤ ሲስቅም፣ ሲያወራም፣ ሰላምታ ሲመልስም ከአፉ ምንም አይወጣም። ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ምንጣፉን አስተካክላ ሰቀለችና ሻይዋን ልትቀዳ ገባች።

እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ታያለች፣ አይታም ታልፋለች። መዋዕለ ሕፃናት ነው የምታስተምረው፤ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ስለ ተዘጋ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት፣ የምታየው አላጣችም። ግን ያየችው ነገር ወደ ውስጥ ዘልቆ አይነካትም። ድንጋጤ ሲመጣ የምታውቀው ከሩቅ ነው፣ የሌላ ሰው ቤት ሲንኳኳ እንደሚሰማው።

ፋብሪካው የሠራተኞቹን የሕክምና ወጪ ይመልሳል፤ ነገር ግን ማኅተም ያለበት ዝርዝር ሒሳብ ይጠይቃል። ዘምዘም በዚያ ቀን የከፈለችው መያዣውን ብቻ ነው። ይመር ሄዶ እንዲያመጣው ስትነግረው እሷ ብትሄድ እንደሚሻል ነገራት።

«ለምን? አሞሃል?»

«አላመመኝም። እዚያ ባልታይ ይሻላል» አላት፣ ዛሬ ዝናብ ሳይዘንብ አይቀርም በሚል ሰው ድምፅ።

ሻርፗን አጥብቃ ወጣች። ጉሙ አስፋልቱን ውጦት ነበር፤ መኪናዎች ከመታየታቸው በፊት ድምፃቸው ይመጣል፣ ካለፉም በኋላ ድምፃቸው ይቀራል። ሆስፒታሉ ሲገቡ ሞቃት ነው። ኮሪደሩ የበረኪናና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አለው፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ክሬም ቀለም ተቀብቷል፣ አንድ የሚንቀጠቀጥ መብራት ጣሪያው ላይ ያለማቋረጥ ይዘምራል። ዘምዘም ስትገባ ሽታውን አወቀችው። የራሷ አልጋ ሽታ ነው።

ሒሳብ ክፍሉ ፊት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። እንደ ሌላ ሐኪም ቤት የሚያለቅስ የለም፣ ስልክ የሚያወራ የለም። ሁሉም እግራቸው ሥር ያለውን ወለል ያያሉ። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ቦታ ለቀውላት ስማቸው ጀማነህ መሆኑን፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ መሆናቸውን ነገሯትና መልሰው ወለሉን ማየት ያዙ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ማስተዋል ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ባለው ካርድ ተጽፏል። ፊቷ የደከመ፣ ግን ትሑት ነው። የዘምዘምን ጥያቄ ሰምታ የይመርን ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈለገች፤ ማተሚያው ማተም ጀመረ፤ ማተሙንም ቶሎ አላቆመም።

«ጊዜ ወስደው ይዩት» አለቻት፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰብስባ እያቀበለቻት። «ያልገባዎት ካለ ይጠይቁኝ።»

ዘምዘም አግዳሚው ላይ ተመልሳ ማንበብ ጀመረች። ለልጆች ፊደል እንደምታስቆጥር ጣቷን እያስከተለች ከላይ ተነሣች። ካርድ ማውጫ። የድንገተኛ ሐኪም ምርመራ። ኦክስጅን። የደም ምርመራ። የደረት ኤክስሬይ። ግሉኮስ ከነመስቀያው። ጓንት። ያን ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ሆና የሰማቻቸውን ድምፆች አንድ በአንድ ከጽሑፉ ጋር አገናኘች፤ የጋሪው መንኮራኩር፣ የጓንቱ መለጠጥ፣ አንድ ሰው «በርታ በል» ሲል። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ልክ ነው።

ዝርዝሩ ግን አልቆመም። ከዚያ ቀን ሥር የሚቀጥለው ቀን አለ፣ ከእሱ ሥር ሌላው። ኦክስጅን። የአልጋ። ኦክስጅን። አንሶላ ቅያሪ። ሾርባ። እንደገና ኦክስጅን። ጣቷ እየወረደ ሄደ። ጢም መላጫ። ጀርባው እንዳይቆስል ማገላበጫ። ሕመምተኛው ሲጣራ በማደሩ የተሰጠ ማስታገሻ። ቤተሰብ ለመጥራት የተደወለ ስልክ። ይሄኛው ተደጋግሞ ተጽፏል፤ አጠገቡ ያለው ቁጥር የእሷ ነው። ሰሞኑን ስልኳ ሲጮህ ይመር ቀድሞ እያነሣ ጥቂት ያዳምጥና «የተሳሳተ ቁጥር ነው» ብሎ መልሶ ያስቀምጠው እንደ ነበር ትዝ አላት። የመጨረሻው መሥመር የዛሬ ጠዋት ነበር። ቁርስ፣ ሳይበላ የተመለሰ ይላል።

ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ሒሳቡ ከሌላ ሰው ጋር ሳይቀላቀል እንደማይቀር፣ ባሏ በዚያው ቀን መውጣቱን፣ እሷ ራሷ ይዛው መሄዷን፣ ይኸው እስካሁን ቤት ቁጭ ማለቱን ረጋ ብላ አስረዳች። ማስተዋል አላቋረጠቻትም። እስክትጨርስ ጠብቃ ኮምፒውተሩን ተመለከተች፣ ከዚያ እሷን።

«ሒሳቡ አልተቀላቀለም» አለቻት። «አልጋው አልተለቀቀም። አቶ ይመር አልጋቸው ላይ ናቸው።»

«ይመር ቤት ነው ያለው።»

«ቤት ያሉትንማ እኛ አናስከፍልም፤ የምንቆጥረው እዚህ ያሉትን ነው።»

ዘምዘም ወረቀቱን እንደ ያዘች ቆመች። ከኋላዋ ማንም አላጉረመረመም፣ ተራችንን ለምን ያዝሽ ያላት የለም። ማስተዋል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁለት መንገድ መኖሩን ገለጸችላት፤ ዘመድ ከሆኑ አይተው ሒሳቡን ዘግተው ይረከቧቸዋል፣ ካልሆኑ ደግሞ አላውቃቸውም ብለው ይፈርሙና ትርፉ ሒሳብ ይሰረዛል። ሁለቱን ሰው ግን አንድ ቤት ማስገባት እንደማይቻል፣ አንዱ ሲገባ ሌላው እንደሚወጣ ጨምራ ነገረቻት። መጀመሪያ ሄዳ ማየት እንደምትችል፣ ማየት የማይፈልጉም ብዙ ሰዎች እንዳሉ ስታስረዳት አነጋገሯ የመታወቂያ ማደሻ ቅጽ የምታስረዳ ነው የሚመስለው።

ዘምዘም አግዳሚው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እግሯ አልተንቀጠቀጠም፤ መንቀጥቀጥ የነበረበት መስሏት ዝቅ ብላ አየችው። አቶ ጀማነህ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በጣታቸው ያዞራሉ።

«እኔም እንዳንቺ ነበር የጠየቅሁ» አሉ፣ ሳያይዋት። «ባለቤቴ ነች። ከመስከረም ወዲህ ቤት ነች፣ ደኅና ነች። ድሮ ትነጫነጭብኝ ነበር። አሁን አንድ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም።»

«እዚህስ ያሉት?»

«አላውቃቸውም ብዬ ፈረምኩ። ምን ላድርግ፣ እህቴ? እዚህ የነበረችው መራመድ አትችልም ነበር። የቤቷ ደግሞ ራት ሠርታ ትጠብቀኛለች።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣዎት?»

ባርኔጣውን ማዞር አቆሙ። «ዛሬ የመጣሁት ለልጄ ነው» አሉ።



ዘምዘም ወረቀቱን አጥፋ ወደ ድንገተኛው ክፍል ሄደች። ኮሪደሩ ከምታስታውሰው ይረዝማል። በግራና በቀኝ አረንጓዴ መጋረጃዎች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ያ የውሃ መንተክተክ ይሰማል፣ ብዙ ድስት በአንድ ጊዜ የተጣደበት የድግስ ጓዳ ይመስላል። ከአንዱ መጋረጃ ሥር የሴት ጣቶች ወጥተው ወለሉን ቀስ ብለው ይዳብሳሉ። ከሌላው ወዲያ አንድ ሰው የከተሞችን ስም ደጋግሞ ይጠራል፤ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ እንደገና ሐይቅ፤ መንገዱን እንዳይረሳ የሚያጠና መንገደኛ ነው የሚመስለው። ነርሷ ከፊቷ እየሄደች ሳትዞር ከጫፉ ያለውን አሳየቻት፣ መጋረጃውንም ክንድ በሚያህል ከፈተችላት።

መጀመሪያ ያየችው ጭምብሉን ነው። ከፕላስቲኩ ውስጥ እንፋሎት ይጋርዳል፣ ይጠፋል፣ ይጋርዳል፣ ይጠፋል። ከእንፋሎቱ በላይ የተላጨ፣ የከሳ ፊት አለ፤ ዓይኖቹ ጣሪያው ላይ ተተክለዋል። ደረቱ ሲነሣ ከውስጡ ያ የምታውቀው የመጥረጊያ ፍቅታ ይሰማል። አንገቱ ሥር፣ አንሶላውም ስንት ጊዜ ተቀይሮ፣ አሁንም የዱቄት ሽታ አለው፤ ደካማ ነው፣ ግን አለ። ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ሲገባ ከብዙ ጊዜ በፊት ያነበበችው ነገር ትዝ እንዳላት ያህል ሆነ፣ ከዚያ ያም ተዋት።

ዓይኖቹ ከጣሪያው ወረዱ። አገኟት።

እጁ ከአንሶላው ሥር ወጥቶ ወደ ሻርፗ ተዘረጋ፤ አልደረሰም። ጭምብሉ ውስጥ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ዘሙ» አለ። ቤት ያለው እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «ዘሙ፣ ስጠራሽ... ስጠራሽ ምነው?» ሳሉ ያዘው። ከሆዱ ተነሥቶ የብረት አልጋውን አነቃነቀው፤ ሳሉ ሲለቀው እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ይወርድ ነበር፣ ዓይኑን ግን ከእሷ አልነቀለም። ለመሳቅ የሞከረም መሰላት።

ዘምዘም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልቧ ሲዘል ይሰማኛል ብላ ጠበቀች። ያገኘችው የሹራቧን ቁልፍ ብቻ ነው። ስለ ደረጃው አሰበች፤ ይህን ሰው ተሸክሞ ያን ሁሉ ደረጃ ማን እንደሚያወርድ፣ ባጃጅ ውስጥ የኦክስጅኑ ጠርሙስ የት እንደሚቀመጥ። ቤት ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጠውን አሰበች፣ ለእሱ ምን ብላ እንደምትነግረው፣ በየት በር እንደሚወጣ። አስባ አስባ ስትጨርስ ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የእሷ ጉዳይ አልመስል አላት። የጎረቤት ልብስ ዝናብ ሲመታው በመስኮት እንደሚያይ ሰው ነበረች።

«የእርስዎ ናቸው?» አለች ነርሷ።

ዘምዘም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። መጋረጃውን ራሷ መልሳ ዘጋችው፤ የቀለበቶቹ ድምፅ በብረቱ ላይ ሲሮጥ ረጅም ሆኖ ተሰማት። ከጀርባዋ ስሟ ተጠራ፣ በዚያው አጭር ስም። እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተከተላት፤ ከዚያ ወዲያ ከሌሎቹ ድምፆች መለየት አቃታት።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ ማስተዋል ቅጹን አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ባዶውን ቦታ በጣቷ እያሳየች በቃልም መናገር እንዳለባት አስረዳቻት፣ አሠራሩ እንዲህ ነው አለች።

«አላውቀውም» አለች ዘምዘም።

ፈረመች። እጇ ልክ የልጆች ደብተር ስታርም እንደምትፈርመው ነበር፣ አልተጣመመም። ማስተዋል ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ መሰረዝ ጀመረች። ቁርሱ ተሰረዘ። ማስታገሻው ተሰረዘ። ጢም መላጫው፣ ሾርባው፣ አንሶላው። ኦክስጅኑ ላይ ስትደርስ የጠረጴዛውን ስልክ አንሥታ የአልጋውን ቁጥር ተናገረችና መልሳ አስቀመጠች፣ ከዚያ አንድ ረጅም መሥመር አሰመረች። ከኮሪደሩ ጫፍ ሲመጣ ከነበረው መንተክተክ አንዱ ቆመ። ብዙ ድስት ከሚፈላበት አንዱ ሲወርድ ብዙም አይታወቅም፤ ዘምዘም ግን አወቀችው። ሳል ተሰማ። እንደ መጥረጊያ ፋቀ፣ እንደገና ፋቀ፣ ከሆድ ሊነሣ ተዘጋጀ፣ እዚያው ቀረ። አቶ ጀማነህ ባርኔጣቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ።

ማተሚያው አዲስ ወረቀት አወጣ፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ የአንድ ቀን ብቻ። ማስተዋል ማኅተም አድርጋ አቀበለቻት። ዘምዘም እዚያው ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ይቺ ጓንት ሁለት ጊዜ ተጽፋለች» አለች።

ማስተዋል አየችና ይቅርታ ጠይቃ አስተካከለችው።

ዘምዘም ከሆስፒታሉ ስትወጣ ጉሙ ትንሽ ገለጥ ብሎ ከታች የከተማው ቆርቆሮ ያብለጨልጭ ነበር። በመንገዷ ዳቦ ገዛች። ሁለት ሰዎች ሰላም አሏት፣ የባሏን ጤና ጠየቋት፣ ደኅና መሆኑን ነገረቻቸው። ከመካከላቸው አንደኛዋ ስትናገር ከአፏ እንፋሎት አይወጣም ነበር። ዘምዘም ይህንንም አይታ ልጆቿ እንዴት እንደ ከረሙ ጠየቀቻት።

ይመር ትታው በሄደችበት ወንበር ላይ፣ ትታው በሄደችበት አቀማመጥ ነበር። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወረቀቱን ሰጠችው። ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፣ እያንዳንዱን መሥመር አነበበ፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«አየሽው?» አላት።

«አየሁት።»

«እሱስ አየሽ?»

«ስሜን ጠራኝ።»

ይመር ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ከሰዓት በኋላ ለፋብሪካው እንደሚያስገባ ነገራት። ዘምዘም ሻርፗን አወለቀች። መጮኽ የሚገባት ጊዜ ይህ መሆኑን ታውቃለች፤ ጩኸቱን ፈለገችው፣ ግን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋባት። ቆማ ስትፈልገው ይመር ዓይኗን ተከትሎ ያያት ነበር። ፊቱ ላይ ያየችው እንደ ርኅራኄ ያለ ነገር ነው።

«አትድከሚ» አላት። «አይመጣም። እኔንም መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ይለመዳል።»

«ምኑ?»

«ያን ክረምት የከሰል ጭስ መትቶሽ ወደዚያው ተወስደሽ አልነበር? ያን ጊዜም ዝርዝር ሒሳብ መጥቶ ነበር።»

ዘምዘም አስታወሰች። የታጠበ ልብስ እንዲደርቅ ከሰሉን ቤት አስገብታ በሩን ዘግታ ነበር፤ ጭንቅላቷን ሲያዞራት፣ ባጃጁ፣ ጣሪያው ላይ የሚዘምረው መብራት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ይመር ከተማ ውሎ መጥቶ ግቢው ቧንቧ ሥር ቆሞ እጁን ሲታጠብ፣ ሲታጠብ፣ እሷ ምን ሆነህ ነው ስትለው ቀና ብሎ ሳያያት መቆየቱ። ያኔ አልገባትም ነበር።

«እኔ እኮ በዚያው ቀን ተሽሎኝ ተመልሻለሁ» አለች።

«አንቺማ ተመለስሽ» አላት ይመር፣ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ከፊቷ እያስቀመጠ፤ «እሱ ያኔ አላውቃትም ብሎ የፈረመው እዚያ አልጋ ላይ በቀረችው ዘምዘም ላይ ነው።»